ብሎኑን ከአፍዎ ያውርዱት፦ ከጥርስ እስከ ትልቁ አንጀት ባክቴሪያን በልክ መያዣ መንገድ

ሶማሌ ተራ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን የመኪናው ሆድ ተከፍቷል፣ የሰዉ ሆድ ደግሞ ይጮኻል። ከመኪና ሥር በጀርባው የተንጋለለው ወጣት በአንድ እጁ ካቻቪቴ፣ በሌላው ባትሪ ይዟል። የፈታቸውን ብሎኖች የሚያኖርበት ሦስተኛ እጅ ስለሌለው በጥርሱ ነክሷቸዋል። ቆየት ብሎ ቀጭን ጎማ ቤንዚን ውስጥ ከትቶ በአፉ ይስብና ቶሎ ይተፋል። ምሳ ሲደርስ እጁን በናፍጣ አሸት፣ በቡትቶ ጠረግ ያደርጋል፤ ከዚያ አራት አምስት ሆነው አንድ ትሪ ይከባሉ። ሻይና ሲጋራ ይከተላል፣ ከሰዓት ደግሞ ጫት አለ። አመሻሹ ላይ ሆዱ ሲያቃጥለው "ጨጓራዬ ተነሳ" ይልና ጥግ ካለው መድኃኒት ቤት ጥቂት ክኒን ገዝቶ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ ለእሱ፣ ለአሠሪው፣ መለዋወጫ ደርድሮ ለሚሸጠው ባለ ሱቅና ቤት ለሚጠብቋቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። ብሎን መንከስ ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬ እንዳይወጣበት ግን ከወዲሁ ይታወቅ፤ አያመጣም። ጥርስን ይሰነጥቃል፣ ድድን ያቆስላል፣ የቆሸሸውን ሁሉ ወደ አፍ ያስገባል። አፍ ደግሞ የምግብ መንገድ በር ነው። ሳይንቲስቶች ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ሲከታተሉት የቆዩት ጉዳይም በዚሁ በር ስለሚገቡና በውስጡ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፐርዝ በተባለች ከተማ፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከጨጓራ ሕሙማን በወሰዱት ናሙና ውስጥ ያዩትን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ አሳደጉት። በጨጓራ አሲድ ውስጥ የሚኖር ነገር የለም ተብሎ ይታመን ስለነበር የሚሰማቸው ጠፋ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በፈሳሽ አድርጎ ጨለጠው፤ በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ጀመረው፣ ጨጓራውም ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ባክቴሪያው ዛሬ በአገራችን ላቦራቶሪ ሁሉ "ኤች ፓይሎሪ" እየተባለ የሚጠራው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠ ነገሮች መዝገብ አስገብቶታል።

ከዚያ የአንጀቱ ተራ መጣ። በ2011 መጨረሻ ላይ በአሜሪካና በካናዳ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ በትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ ያልጠበቁትን እንግዳ እንዳገኙ አስታወቁ። እንግዳው ፉሶባክቴሪየም ኒዩክሊየተም ይባላል፤ ቤቱ አንጀት ሳይሆን አፍ፣ በተለይም በጥርስና በድድ መካከል ያለው ስንጥቅ ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ሥራ ባክቴሪያው በምራቃቸውም በካንሰራቸውም የተገኘባቸውን 8 ሕሙማን ሲያመሳክሩ በ6ቱ ላይ የአፉና የአንጀቱ ባክቴሪያ ዘሩ አንድ ሆኖ ተገኘ። ከአፍ ተነስቶ እዚያ ድረስ ወርዷል ማለት ነው። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የተባለው ሌላው የድድ ባክቴሪያ ደግሞ ቻይና ውስጥ በ2016 በታተመ ጥናት ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ናሙናዎች ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ ተገኝቷል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ኤች ፓይሎሪ ለጨጓራ ካንሰር ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል። የአፍ ባክቴሪያዎቹ ግን በካንሰሩ ሰፈር መገኘታቸውና እሳቱን ሊያራግቡ መቻላቸው ታየ እንጂ እሳቱን የለኮሱት እነሱ ብቻ መሆናቸው አልተረጋገጠም። ስለዚህ "የካንሰር ባክቴሪያ ማጥፊያ" ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ከመጣ መንገዱን ያሳዩት።

መጀመሪያ አፍ

ሥራው ከአፍ ቢጀመር ወጪው ትንሽ ነው፤ ትርፉም ለካንሰር ብቻ አይደለም። ብሎንና ዳዶ ማኖሪያ ይፈልጉ፤ ባዶ የቀለም ጣሳ ክዳን ወይም የተቆረጠ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል። ቤንዚን በአፍ መሳብ ደግሞ ዛሬውኑ መቅረት አለበት። ይህኛው ከባክቴሪያ ጋር አይገናኝም፤ ጠብታው ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ሊገድል ይችላል። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ መሳቢያ ከዚያው ከሶማሌ ተራ አይጠፋም።

ቀጥሎ መፋቂያ። መርካቶ ውስጥ የወይራውንም፣ ሶማሌዎችና አፋሮች የሚወዱትን የበረሃውንም እንጨት እየዞሩ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ በረመዳን ደግሞ ይበልጥ ይበዛሉ። መፋቂያ መናቅ የለበትም፣ በአግባቡ ከተያዘ ጥርስ ያጸዳል። አያያዙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጫፉን ልጠው ለስላሳ ብሩሽ እስኪሆን ያኝኩት። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ይጥረጉ፤ ወደ ጎን እየጋዙ አይፈትጉ፣ ድድ ይሸሻል። የላይኛውንና የታችኛውን፣ የውጩንና የውስጡን ያዳርሱ። አብዛኛው ሰው የፊት ጥርሱን አንጸባርቆ መንጋጋውን ይረሳል፤ ድድ ውስጥ የሚሸሸጉት ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚወዱት ያንን የተረሳውን ቦታ ነው። የተጠቀሙበትን ጫፍ በየቀኑ ቆርጠው ይጣሉት። ግራሶ በነካው የቱታ ኪስ አይክተቱት፣ ለጓደኛም አያውሱት።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቦርሹ። እንጨቱ ፍሎራይድ የለውም፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው የሚፈነጭበት ሰዓትም ያ ነው። ምላስዎንም ይጥረጉ። ብሩሹ በሦስት ወር፣ ጸጉሩ ከተንጨባረረም ከዚያ በፊት ይቀየር።

ድድዎ ሲደማ መቦረሽ አያቁሙ። በሶማሌ ተራም ሆነ በቦሌ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ደም ሲያይ ብሩሹን ይተዋል፣ ቆሻሻው ይጋገራል፣ ድዱ ይብስበታል። ሁለት ሳምንት በደንብ ቦርሸው መድማቱ ካልቀነሰ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ፣ መግል ከታየ ወይም የአፍ ጠረን አልለቅ ካለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጥርስ ላይ የተጋገረውን ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም፤ በመሣሪያ ይታጠባል። የዮኮሃማ ተመራማሪዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት የድድ ሕክምናቸው የተሳካላቸው የአንጀት ሕሙማን ዓይነ ምድራቸው ውስጥ ያለው ፉሶባክቴሪየም ቀንሶ ተገኝቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከአፍ የሚወርደው ነገር ግን ከአፍ ሊቀነስ እንደሚችል ፍንጭ ይሰጣል።

ጫቱስ? የሚቅም ሰው አፉ ይደርቃል፣ በላዩ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይከተላል፣ ሲጋራው ይታከላል። ደረቅ አፍ፣ ስኳርና ጭስ፤ ለድድ በሽታ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። መተው ያቃተው ሰው ቢያንስ ስኳሩን በውሃ ይተካ፣ ሲጋራውን ይነጥል፣ ሲጨርስ ይጉመጥመጥ። ትምባሆ ግን ለብቻውም የምግብ ቧንቧ፣ የጨጓራ፣ የቆሽትና የአንጀት ካንሰር ምክንያት ነው፤ ለእሱ መካከለኛ መንገድ መፈለግ ራስን ማታለል ነው።

የሚፋጅ ነገርም አይዋጡ። አርሲና ባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት የሚታይባቸው አካባቢዎች መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል "ምግብ አልወርድ አለኝ" እያሉ ከሚመጡት ብዙዎቹ ከዚያ የሚመጡ ናቸው። ሙቅ ገንፎ በጥርጣሬ ከሚጠቀሱት ነገሮች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋምም በ2016 ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሏል። ሻዩን ከምድጃ እንደወረደ ፉት አይበሉት፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ።

እጅና ውሃ

ናፍጣ ግራሶን ያሟሟል እንጂ እጅ አያጸዳም። ምሳ ሲደርስ መጀመሪያ እጅዎን በትንሽ የምግብ ዘይት ወይም በፈሳሽ ሳሙናና በደቃቅ የእንጨት ፍቅፋቂ አሽተው ግራሶውን ያስለቅቁ፤ ከዚያ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። ጥፍር ሥር ያለው ጥቁር ነገር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። በየጋራዡ ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ቢቀመጥ ወጪው ከአንድ አሮጌ ጎማ አይበልጥም፣ አሠሪዎች ይህን ቢያስቡበት አይከስሩም።

ኤች ፓይሎሪ የሚተላለፈው በምራቅ፣ በትውከትና በዓይነ ምድር በተበከለ እጅና ውሃ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚይዘው ገና በልጅነቱ፣ ከቤተሰቡ ነው። ስለዚህ አንድ ላይ መብላትና ጉርሻ እንዲቀር የሚያደርግ ምክንያት የለም፤ እጅ ይታጠብ እንጂ ማዕዱ አይበተን። ሕፃን ልጅን አኝኮ ማጉረስ ግን ይቅር። ቧንቧ ሲጠፋ በጄሪካን የሚመጣውን ውሃ ያፍሉት ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይጨምሩበት።

ጨጓራ፦ ሳይመረመሩ አይዋጡ

የሶማሌ ተራ ሰው መኪና ሲንኳኳ ዝም ብሎ ዕቃ አይቀይርም፤ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጣል፣ ያስነሳል፣ ይነዳዋል፣ ጥፋቱን ሲያገኝ ነው ብር የሚያወጣው። ለገዛ ሆዱ ሲሆን ግን ሳይመረመር መድኃኒት ይቀያይራል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ያህሉ ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶበታል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የጨጓራ ካንሰር የሚይዘው ጥቂቱ ነው፤ በዓለም ደረጃ ባክቴሪያው ካለባቸው 100 ሰዎች ከ1 እስከ 3 እንደሚሆን ይገመታል። እንዲያውም አፍሪካ ውስጥ ባክቴሪያው በዝቶ ካንሰሩ ማነሱ "የአፍሪካ እንቆቅልሽ" የሚል ስም አትርፏል። "ፖዘቲቭ" የሚል ወረቀት ሲደርስዎ አይደንግጡ፤ ቸልም አይበሉ።

ምርመራ ሲታዘዝልዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። የደም ምርመራ ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ለባክቴሪያው ያመረተውን ምልክት ነው የሚያሳየው፤ ምልክቱ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የዛሬውንና የድሮውን አይለይም። የሚሻለው የዓይነ ምድር አንቲጅን ምርመራ ወይም፣ ባለበት ቦታ፣ የትንፋሽ ምርመራ ነው። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክ ከሆነ አራት ሳምንት በፊት ሊቆም ይገባል። ይህን ግን ያዘዘልዎትን ሐኪም አስፈቅደው ያድርጉት፣ በተለይ ቁስለት ወይም መድማት ኖሮብዎት የሚያውቅ ከሆነ። አለበለዚያ ባክቴሪያው ተሸሽጎ ውጤቱ "የለም" ይላል።

ካለ፣ ሕክምናው ብዙ ጊዜ አንድ አሲድ ቀናሽና ሁለት ወይም ሦስት ሌሎች መድኃኒቶች ተደርገው ለ14 ቀን የሚሰጥ ነው። ችግሩ በአምስተኛው ቀን ላይ ይመጣል። ማቃጠሉ ይቀንሳል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሆድ ይላላል፣ ሰውዬው የቀረውን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። የቀረው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ ይነሳል። ስለዚህ አሥራ አራቱን ቀን ይጨርሱ። ጾም ላይ ያለ ሰው ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር፤ በቀን ሁለቴ የሚወሰደውን በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ማስማማት ይቻል ይሆናል፣ በሁዳዴም እንዲሁ መላ አይጠፋም። ከኪኒኖቹ መካከል ቢዝመዝ ካለበት ዓይነ ምድር ስለሚጠቁር ለዚያ አይሸበሩ።

አብዛኛው ሰው የሚዘለው የመጨረሻው ነገር ማረጋገጫው ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ምርመራው መደገም አለበት። "ደህና ነኝ" የሚለው ስሜት ማስረጃ አይደለም። ለዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ የሚሰጠው ደግሞ የታይዋን ተሞክሮ ነው፦ ማትሱ በተባሉት ደሴቶች ከ2004 ጀምሮ ሕዝቡ በጅምላ ተመርምሮ በመታከሙ የጨጓራ ካንሰር በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ተልባ፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድስ? ተልባ ማቃጠሉን ሊያበርድ ይችላል፤ ጠጡት አትጠጡት የሚያጣላ አይደለም። ሦስቱም ግን ባክቴሪያውን የሚያጠፋውን የሐኪም መድኃኒት አይተኩም።

ደም ሲታይ

እዚህ ላይ መመሪያው ረገጥ ያደርጋል፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ነውና።

የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚህ መዝገብ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በከተማው ወንዶች ላይ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ሆኖ ወጥቷል። ሕሙማኑም ሁሉም ሽማግሌዎች አይደሉም፤ በአርባዎቹና በሠላሳዎቹ ያሉ ብርቅ አይደሉም። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ግን በሽታው ገፍቷል።

ከዚያ በፊት የሚሆነው ይታወቃል። ሰውዬው ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ያያል። ለሚስቱ መንገር ያፍራል፣ ለሐኪም ማሳየት ደግሞ ይብስበታል። ጓደኛው "ኪንታሮት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለህ ነው" ይለዋል። ሌላው "አሜባ ነው፣ ቲኒዳዞል ውሰድ" ይላል። ይወስዳል፤ ደሙ ለሳምንት ይጠፋል፤ ይመለሳል። የኪንታሮት ቅባት ይገዛል። እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላዋል።

ኪንታሮትም አሜባም አሉ፣ ብዙ ጊዜም ደሙ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ግን ያለ ምርመራ ማንም ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ደም ካዩ፣ ለሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሆድዎ ጠባይ ከተለወጠ፣ ማለትም ያልነበረ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ከያዘዎት፣ ወጥተው ሲመለሱ ያልተጠናቀቀ መስሎ ከተሰማዎት፣ ሳያስቡት ከስተው ቀበቶዎን አንድ ቀዳዳ ካጠበቁ፣ ምግብ ሲውጡ የሚያዝ ከሆነ፣ ዓይነ ምድርዎ የብረት ኪኒን ወይም ቢዝመዝ ሳይወስዱ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም "ደም ማነስ" ተብለው ምክንያቱ ካልታወቀ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሐኪሙ በጣቱ ይመርምርዎት። ማፈር አያስፈልግም፤ የፊንጢጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ በጣት ይደረስበታል፣ የሁለት ደቂቃ ነገር ነው። አስፈላጊ ከሆነ ሪፈር ያጽፉ፤ ከሶማሌ ተራ ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም ሩቅ አይደሉም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለዎት መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን አይርሱ፤ ያለ ሪፈር ሄደው ከፍለው መመለስ የብዙ ሰው ዕጣ ነው።

ወላጅዎ፣ ወንድምዎ ወይም እህትዎ የአንጀት ካንሰር ይዟቸው ከነበረ ምልክት እስኪመጣ አይጠብቁ። ስንት ዓመታቸው ላይ እንደያዛቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ አንጀትን በካሜራ የሚያየውን ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒን፣ ሊያዝልዎ ይችላል። አንድ ለየት ያለ ነገር ደግሞ አለ፦ በልብ ኢንፌክሽን ተኝቶ የታከመና ደሙ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ ጋሎሊቲከስ የተባለው ባክቴሪያ የተገኘበት ሰው አንጀቱም በኮሎኖስኮፒ መታየት አለበት። ይህ ባክቴሪያና የአንጀት ካንሰር አብረው እንደሚገኙ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል።

ስለ ሜትሮኒዳዞል አንድ ቃል። ቦስተን ውስጥ በ2017 በተሠራ ሙከራ፣ ፉሶባክቴሪየም ያለበት የሰው አንጀት ካንሰር ተተክሎባቸው የነበሩ አይጦች ይህ መድኃኒት ሲሰጣቸው እባጩ የሚያድግበት ፍጥነት ቀነሰ። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ እኛ ዘንድ "የአሜባ መድኃኒት" ተብሎ በየቤቱ የሚገኘው ነው። ይህን የሰማ ሰው ለካንሰር መከላከያ ልዋጠው እንዳይል። አይጥ ሰው አይደለችም፤ መድኃኒቱ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም አብሮ ያጭዳል። እስከ ዛሬ በግምት የተዋጠውም ዋጋ አስከፍሏል፤ በአፍሪካ ለሜትሮኒዳዞል የማይበገር ኤች ፓይሎሪ በብዛት የሚገኘው በዚህም ምክንያት ነው።

ለአንጀት ምን ይመገቡ?

በዚህ በኩል የአገሩ ሰው ዕድለኛ ነው። በትልቁ አንጀት የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት ሰው ያልፈጨውን የእህልና የአትክልት አሰር ሲሆን፣ ከእሱ የሚያመርቱት አሲድ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል። ከጤፍ፣ ከገብስ፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የተሠራ በያይነቱ ከዚህ በላይ ማስታወቂያ አያሻውም። እርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ስለሚያልቁ እንጀራ ራሱ ሕያው ባክቴሪያ አይሰጥም፤ ጥቅሙ አሰሩ ነው። እርጎ ግን ሕያው ነው፤ ከተፈላ ወተት የተሠራ ይሁን እንጂ።

ሥጋው ላይ ግን እውነቱ ይነገር። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ በሳምንት ተበስሎ ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። መርካቶ ውስጥ አንዳንዱ ሰው ይህን አንዴ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። አረቄውም ቢራውም የአንጀትና የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ያግዛሉ። በወር አንዴ ቁርጥ የበላን ሰው ማንም አይከስስም፤ በሳምንት ሦስቴ የሚበላው ግን ጎመን ጨመረም አልጨመረም ከሥጋው መቀነስ አለበት።

ቤት ውስጥ ሕመምተኛ ካለ

ከዚህ በታች ያለው የጨጓራ፣ የአንጀት፣ የምግብ ቧንቧ ወይም የቆሽት ካንሰር ተገኝቶበት ኬሞ ሊጀምር ለተዘጋጀ ሰውና ለአስታማሚው ነው። እዚህ ላይ ባክቴሪያ ጠባዩን ይቀይራል፤ በጤናማ ሰው አፍ ውስጥ ዝም ብሎ የኖረው፣ ነጭ የደም ሴል ሲያንስ ደም ውስጥ ገብቶ ሊጥል ይችላል።

ኬሞ ከመጀመሩ በፊት፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ የጥርስ ሐኪም አፉን ይየው። የሚነቀል ጥርስ ካለ ያኔ ይነቀል፣ ቁስሉ እንዲድን ቢያንስ አሥር ቀን ያስፈልገዋል። የካንሰር ሐኪሙ ሕክምናው አይዘግይ ካለ ግን የእሱ ቃል ይቅደም።

ፋይቭ ኤፍ ዩ እና ካፔሲታቢን የተባሉት መድኃኒቶች የአፍ ቁስለት ያመጣሉ። በቀን አራት አምስት ጊዜ አፍ ይጉመጥመጥ፦ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ከዚያ ግማሹን ያህል ጨው። ከሱቅ ሲገዙ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጥዎ ይጠንቀቁ፤ እሱ ለኬክ ነው። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ያቃጥላል፣ ይቅር። ኦክሳሊፕላቲን የሚወስድ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ጣቱንና ጉሮሮውን እንደ መርፌ ስለሚወጋው ውሃውም አምቦውም ከፍሪጅ የወጣ አይሁን። መፋቂያው በዚህ ጊዜ ይረፍ፤ በጣም ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀም፣ እሱም ካመመ በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረግ።

አይሪኖቴካን የሚወስድ ሰው ስለ ተቅማጥ አስቀድሞ ይጠይቅ። ጉበት የመድኃኒቱን መርዝ አስሮ ወደ አንጀት ይልከዋል፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ደግሞ እስሩን ፈተው መልሰው ይለቁታል፤ ተቅማጡ ከዚያ ይመጣል። ሐኪሙ የሚያዘው የተቅማጥ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልተፈላ ወተትና ከሱ የተሠራ እርጎ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቁሙ። "ሰውነቱ ደከመ፣ ደም ይተካለት" ብሎ ጥሬ ጉበትና ዱለት ይዞ የሚመጣ ዘመድ አይጠፋም፤ ፍቅሩን ተቀብለው ሥጋውን በደንብ ያብስሉት። ሰላጣ የሚበላ ከሆነ ቤት ውስጥ በታከመ ውሃ ታጥቦ ይሁን። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከውን የፕሮባዮቲክ ክኒንም ሐኪሙ ሳያውቀው አይስጡ፤ መከላከያው ለወረደ ሰው ሕያው ባክቴሪያ መስጠት አልፎ አልፎ ኢንፌክሽን አስከትሏል።

ቴርሞሜትር ይግዙ። ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነገ እስኪነጋ አይባልም፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅም አይሆንም፤ ትኩሳቱን ሸፍኖ ጊዜ ያስበላል። በሩ ላይ ለሚያገኙት ነርስ መጀመሪያ የሚናገሩት "ኬሞ ላይ ነው፣ ትኩሳት አለው" የሚለውን ነው። የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስም፣ የመጨረሻው ኬሞ የተሰጠበት ቀንና የሐኪሙ ስም በአንድ ወረቀት ተጽፈው ከካርዱ ጋር ቀድመው ይቀመጡ። በዚያ ሰዓት አስታማሚው ተደናግጦ የመድኃኒቱን ስም ማስታወስ ስለማይችል፣ ወረቀቱ ያለበትን ቦታ ከቤተሰቡ ሌላ አንድ ሰው ይወቀው።